ቀኙን የምታየው

ርዕሰ መምህሩ በሰው ትከሻ ላይ ሥራ ሊጭን ሲያስብ መጀመሪያ ያመሰግናል። መምህራኑ ጠባዩን ስለሚያውቁ ምስጋናው ሲጀመር ዓይናቸው በር በሩን ያያል። የባዮሎጂ መምህርቷ ግን ያን ዕለት አንገቷን ደፍታ የፈተና ወረቀት እያረመች ስለነበር ሳታመልጥ ቀረች።

«መቼም እንዳንቺ የሚያስረዳ ሰው የለም» ብሎ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «ለመሆኑ ጉበት የማን ነው?»

«የባለቤቱ» አለችው ቀና ሳትል።

«አንጎልስ? ዓይንስ? ነርቭስ? ሁሉም ያንቺ ትምህርት ነው። ስለዚህ ጠጥቶ ማሽከርከር ስለሚያመጣው ጣጣ ልጆቹን የምታስተምሪልን አንቺ ነሽ።»

ይህ ሐሳብ የመጣለት ከሜዳ ተነስቶ አልነበረም። ከዚያው ትምህርት ቤት ከተመረቁ ገና ዓመት ያልሞላቸው ሁለት ጓደኛሞች ከግብዣ ጠጥተው ሲመለሱ ከድልድይ ጋር ተጋጭተው፣ አንዱ ሞቶ ሌላው በክራንች ቀርቷል። ርዕሰ መምህሩ ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል። ነገሩ ከተቃጠለ በኋላ መሆኑን የሚነግረው ሰው ግን አልተገኘም።

መምህርቷ እሺ አለች። እሺ ካለች ደግሞ ሥራ የምታጭበረብር ሴት አይደለችም። ልጆቹን ማስፈራራት አልፈለገችም፤ የተጨማደደ መኪናና የደም ፎቶ ለመሰብሰብ አልደከመችም። የፈራ ልጅ ለአንድ ሳምንት ይፈራና ይረሳዋል ብላ ታምናለች። ይዛ የገባችው የእንጨት ማስመሪያ ብቻ ነበር።

ልጆቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋ አቆመቻቸው። አንዱ ማስመሪያውን ከላይ ይለቃል፣ ሌላው በሁለት ጣቱ መሀል ይቀልባል። መጀመሪያ ሁሉም ቀለበ፣ ተኩራራ። ከዚያ የሚቀልበውን ልጅ የማባዛት ጥያቄ እየጠየቀች እንደገና አስለቀቀች። ማስመሪያው ወለሉ ላይ ይንጋጋ ጀመር፤ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እሷም አብራ ሳቀች።

«ይሄ እንግዲህ በጤናችሁ ነው» አለች ሳቁ በረድ ሲል። «አንድ ሐሳብ ብቻ ተጨምሮባችሁ እጃችሁ ዘገየ። የጠጣ ሰው እጅ ከዚህ የባሰ ይዘገያል። የከፋው ግን መዘግየቱ አይደለም፤ መዘግየቱን አለማወቁ ነው። መጠጥ ከሁሉ በፊት የሚያሰክረው ውስጣችን ያለውን ዳኛ ነው። ዳኛው ከሰከረ በኋላ ‹ደህና ነህ?› ብላችሁ ብትጠይቁት ‹ደህና ነኝ› ይላችኋል። አይዋሽም፤ እንደዚያ ስለሚመስለው ነው። ዓይኑም ይጠባል። ፊት ለፊቱን ያያል እንጂ ዳር ዳሩን ይተወዋል።»

ይህን የመጨረሻውን ስትናገር ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ጠቅ አደረጋት። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አላገኘችም፤ ከኋላ ወንበር እጅ ተነሳ።

እጁ የጠበቃው ነበር። ይህን ተማሪ ጠበቃው የሚሉት ለመምህራን ሁሉ መልስ ስለማያጣ ነው፤ አንዴ ዜሮ ያገኘበትን ፈተና እስኪሻሻልለት ድረስ ተከራክሯል ይባላል።

«ቲቸር፣ ጠጥታችሁ አትንዱ የሚለው ገብቶናል» አለ ቆሞ። «እኛ ግን መኪናም የለን፣ መንጃ ፈቃድም የለን። የምንሄደው ሌላ ሰው ሲወስደን ነው። እና የሚወስደን ሰው የጠጣ ቢሆንስ? ደግሞ እምቢ የማይባል ሰው ቢሆንስ? እኛ ምን እናድርግ?»

መምህርቷ ስለ ጉበትም፣ ስለ ደምም፣ ስለ ነርቭም ለሚመጣ ጥያቄ ተዘጋጅታ ነበር። ለዚህኛው አፏን ከፈተችና መልስ አጣች።

ያን ጊዜ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው የገዛ ልጇ፣ ከሁለቱ ሴት ልጆቿ ትልቋ፣ እጇን አወጣች። ትልቋ እቤት «እማዬ» ትላታለች፣ ክፍል ውስጥ ግን እንደማንኛውም ተማሪ «ቲቸር» ነው። እናቷ መልስ እንዳጣች አይታ ልትደርስላት ነው የተነሳችው።

«እሱማ ቀላል ነው» አለች ትልቋ። «ሥራውን መከፋፈል ነው። ፊት የተቀመጠው ሰው ቀኙን ያያል፤ እግረኛ ካለ፣ የቆመ መኪና ካለ ‹ጠጋ በል፣ ቀስ› ይለዋል። ኋላ የተቀመጠው ግራውን ያያል፤ ሞተር ሳይክል ከመጣ ይናገራል። ትንሽ ልጅ ካለች ደግሞ እንቆቅልሽ ትጠይቀዋለች፣ እንዳያንቀላፋ። መንገዱ ላይ ዝም ማለት ብቻ ነው የማይቻለው። እንደዚህ ከተደረገ ምንም አይሆንም።»

የተናገረችው ሳህን እንዴት እንደሚታጠብ እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብላ ነው። ማንም አልሳቀም። ሁሉም ወዲያው ገባቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ተፈጥሮ የሚወራ አይደለም፤ የኖሩበት ሰዎች ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ያልገባት ራሷ ትልቋ ነበረች።

ጠበቃው ወደ መምህርቷ ዞረ። «ልክ ናት ቲቸር?»

ነገሩ የተጀመረው ሁለቱ ልጆቿ ትንንሽ ሳሉ ነው። የመምህርቷ ባል አናጢ ነው፤ ሁለቴ ለክቶ አንዴ የሚቆርጥ፣ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ፣ በሥራ ቀን መጠጥ የሚባል የማይቀምስ ሰው። እንጨት ቤቱ ውስጥ ትልቅ መጋዝ አለ። ጠዋት አፉ መጠጥ መጠጥ እየሸተተ የሚመጣ ሠራተኛ ካለ «ሂድ ተኛ፤ ጣት እንደ ጥፍር አያድግም» ብሎ ከበር ይመልሰዋል። እሁድ ግን መጋዝ የለም። እሁድ ያለው መኪና ነው፤ መኪናን እንደ መጋዝ የሚፈራ ወንድ ደግሞ እምብዛም ነው።

እሁድ እሁድ ቤተሰቡ ሁሉ ተጭኖ ወደ ታላቅ ወንድሙ ቤት ለምሳ ይሄዳል። ታላቅ ወንድሙ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን የሚኖር፣ ሳምንቱን ሙሉ ከሬዲዮ በቀር የሚያነጋግረው የሌለ ሽማግሌ ነው። ወንድሙ ሲመጣለት ጠርሙስ ይከፍታል። አናጢው ይጠጣል፣ ይጫወታል፣ ይስቃል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቁልፉን አንስቶ «እንሂድ» ይላል። ሰክሯል ተብሎ አያውቅም። «ትንሽ ሞቅ ብሎታል» ነው የሚባለው።

ከነዚያ እሁዶች በአንዱ ሲመለሱ የቀኙ ስፖኪዮ ከቆመ መኪና ጋር ተላትሞ ተሰበረ። ባልና ሚስት ሁለቱም ደነገጡ። ሌላ ሴት ብትሆን በዚያው ትጮህ፣ ታለቅስ፣ ሁለተኛ አልሳፈርም ትል ነበር። መምህርቷ ግን ብልህ ናት፤ ስህተቱ የመጣው ከብልህነቷ ነው። ጠብ የሌለበት መላ ፈለገችና አገኘች። «አይዞህ፣ ቀኝህን እኔ አይልሃለሁ» አለችው። ለዚያች ቀን ብቻ ነበር ያሰበችው።

የአንድ ቀን መላ ግን የቤት ሥርዓት ሆኖ ቀረ። ትልቋ ልጅ አንገቷ በመስኮቱ በኩል መታየት ሲጀምር ግራው ተሰጣት። ትንሿ አፍ ስትፈታ እንቆቅልሹ የሷ ሆነ። ይባስ ብሎ ደስ ይላቸው ነበር። ሳምንቱን ሁሉም በየፊናው ሲባክን ከርሞ፣ እዚያ መንገድ ላይ አራቱም ነቅተው፣ አራቱም ተሳስበው፣ አንዱ ለአንዱ ዓይን ሆኖ ቤት ይገባል። ልጆቹ ከዚህ የተሻለ የቤተሰብ ፍቅር አያውቁም። ሲያስቡት ሆድ የሚያባባውም ይኸው ነው።

«ልክ ናት ቲቸር?» አለ ጠበቃው እንደገና፤ መልስ ስትዘገይበት።

«ልክ አይደለችም» አለች መምህርቷ። ድምጿ የሷ አልመሰላትም። «ለጠጣ ሰው ዓይን መሆን አይቻልም። እኛ አይተን፣ ተናግረን፣ እሱ ሰምቶ፣ እጁ እስኪታዘዝ ድረስ ሰው ተገጭቷል። የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው። አለመሳፈር፣ እሱንም እንዳይነዳ ማስቀረት።»

«አባትም ቢሆን?»

«አባትም ቢሆን።»

ትልቋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ እናቷን አየቻት፣ ከዚያ ማስመሪያውን አየች፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች።

እቤት ሲገቡ መምህርቷ ወጥ ቤት ገብታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። ዕቃው የታጠበ ነበር። ትልቋ ተከትላት ገብታ በሩ ላይ ቆመች።

«ልክ ካልሆነ ለምን አስተማርሽኝ?»

እናት የታጠበውን ሳህን እንደገና አለቀለቀች።

«ግራውን እያየሁ ዓይኔን ሳልጨፍን ስንት ጊዜ ቤት ገባሁ። አንዴ ሕመም ሳይሻለኝ፣ ትኩሳቴ ሳይለቀኝ፣ ‹ነቃ በይ፣ ግራሽን› ብለሽኛል። እኔ ደግሞ ጎበዝ ነኝ እያልኩ ነበር።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አፍሬብሽ አይደለም እማዬ። ግን እሁድ ምን ልትይኝ ነው? ያንን ብቻ ንገሪኝ።»

«እሁድ ሲደርስ አባትሽን አናግረዋለሁ።»

«እሺ» አለች ትልቋ። እሺታዋ ግን ያላመነ ሰው እሺታ ነበር። እስከ ቅዳሜ ድረስ ከእናቷ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገረችም።

ቅዳሜ መምህርቷ ወደ እንጨት ቤቱ ሄደች። ባሏ ሰጋቱራ ለብሶ በር እየላገ ነበር፤ ሲያያት ፊቱ በራ። እንዲህ እንደ ልጅ የሚደሰት ባል ሲሆን ክፉ ነገር ለመናገር እንዴት እንደሚከብድ ያላየ አያውቀውም።

«ነገ መኪናውን ትተን በታክሲ ብንሄድስ?» አለችው።

«ምነው? ደህና አይደል እንዴ መኪናው።»

«ወይም አንተ አትጠጣ።»

መላጊያውን አስቀምጦ ሳቀ። «አይ ቲቸር፣ ትምህርት ቤቱን ተሸክመሽው መጣሽ። ወንድሜ ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቀው ያችን ቀን ነው፤ ብርጭቆውን ብመልስበት ቅር አይለውም? ደግሞስ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ሰው ጭሬ አውቃለሁ? እጄን እይው እስቲ።» እጁን ዘርግቶ አሳያት፤ ክር አይነቃነቅበትም። «መኪና የሚነዳው እጅ ነው። ይሄ እጅ ደግሞ አይሰክርም።»

የልቡን ነው የተናገረው። እነሱ ሦስቱ ሲያዩለት፣ ሲነግሩት፣ ሲቀሰቅሱት ከርመው ጉብዝናው የራሱ መስሎታል። እንዲመስለው ያደረገችው ደግሞ እሷ ናት። መልሱ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር፤ አንድ ሠራተኛ ሳንቃ ተሸክሞ ሲገባ ዋጠችውና ተመለሰች።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚሉትን ተረት የመምህርቷ እናት ይወዱት ነበር። ወደ ቤት ስትሄድ ያ ቃል አእምሮዋ ውስጥ ይመላለስ ጀመር፤ እየተመላለሰም አስቆጣት። መከራ ሲመክር ለአንድ ሰው ለይቶ አይመክርም። የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡትንም ይመክራል፤ መንገድ የሚሻገረውን የማያውቁትን ሰው ልጅም ይመክራል። እንዲህ ያለውን መካሪ መጠበቅ የደካማ ሰው ተስፋ ነው አለች። ደካማው ሰው ደግሞ እሷ ነበረች።

እሁድ ሄዱ። ምሳው ደስ የሚል ነበር። ሽማግሌው ጠረጴዛውን በንጹህ ጨርቅ አልብሶ፣ ወንበሮቹን ደርድሮ፣ ጢሙን ተላጭቶ ነው የጠበቃቸው። አናጢው ከምሳ በኋላ ሞቅ ሲለው ስለ ሟቿ የወንድሙ ሚስት አነሳ፤ እንደ እናት ሆና ያሳደገችው እሷ መሆኗን ተናግሮ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሽማግሌው «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ብርጭቆውን እንደገና ሞላለት። መምህርቷ ታያቸዋለች። ይህንን ሁሉ ደስታ የምታፈርሰው እሷ እንደምትሆን ስታስብ ተነስታ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች። ነገሩን ትተወውም ዘንድ አማራት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አናጢው ቁልፉን አንስቶ «እንሂድ» አለ። ወደ ግቢው ወጡ። ሽማግሌው እንደ ልማዱ ቀድሞ ሄዶ የግቢውን የብረት በር ከፈተላቸው። አናጢው ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። ትንሿ ዘላ ገባች። ትልቋ በኋላ በር በኩል፣ በግራ፣ በሷ ቦታ በኩል ሄደች፤ መያዣው ላይ እጇን አሳርፋ ቆመች። አልከፈተችውም። በመኪናው ጣራ ላይ አሻግራ እናቷን አየች።

መምህርቷ ይህ ፊት ዛሬ ካፈረ ሁለተኛ ወደሷ እንደማይመለስ ገባት። ልጅ እናቱን የሚያምነው ሁልጊዜ አይደለም።

«አትግቢ» አለቻት። የኋላውን በር ከፍታ ትንሿን በእጇ ይዛ አወረደቻት። ከዚያ ወደ ብረቱ በር ሄዳ ገፍታ ዘጋችውና ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች። መኪናው ፊት ለፊቷ ያጉረመርማል።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» አለ ሽማግሌው ግራ ተጋብቶ። «ተጣላችሁ እንዴ?»

«አልተጣላንም ጋሼ። ጠጥቷል። አይነዳም።»

«መቼ ሳይጠጣ ሄዶ ያውቃል? አንድም ቀን ምንም ሆኖ አያውቅም። ኧረ ተይ፣ አንቺን የመሰለች የተማረች ሴት ባሏን በወንድሙ ግቢ ታዋርዳለች?»

ፊቷ ጋለ። የምትወደው ሰው ነው የተናገራት፤ ቃሉም ሐሰት አልነበረም፣ እያዋረደችው ነው። ግን ከበሩ አልተነቃነቀችም።

አናጢው ቢቆጣ ይቀላት ነበር። እሱ ግን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ በለስላሳ ድምፅ ነው ያናገራት። «ነይ በቃ፣ ግቢ። ቀስ ብዬ ነው የምሄደው። ዛሬ ደግሞ ከሌላው ጊዜ ያነሰ ነው የጠጣሁት።»

«ቀስ ብለህም አትሄድም።»

«እሺ ልጆቹ በታክሲ ይሂዱልሽ። እኔና አንቺ በዚህ እንሂድ።»

«እኔም አልገባም።»

አናጢው በስተቀኙ ያለውን ባዶ ወንበር አየ፤ ከዚያ በፊት መስታወቱ በኩል ሚስቱን አየ። ከዚያ የጠፋበትን መዶሻ እንደሚጠይቅ ሰው፣ ያለ ምንም ተንኮል፣ ከልቡ ጠየቃት።

«አንቺ ካልገባሽ ቀኙን ማን ያይልኛል?»

ሽማግሌው ወደ መኪናው ተጠጋ። «የምን ቀኝ?»

በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አለ።

«የምን ቀኝ ነው የምታይልህ?» አለ ወንድሙን።

ትንሿ መልሱን ስለምታውቅ ደስ ብሏት አፏን ስትከፍት፣ ትልቋ በመዳፏ ቀስ ብላ ከደነችው። መልሱ የአባቷ ነበር።

አናጢው መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። «ስጠጣ» ብሎ ጀመረና አቆመ። ሲጀምር ተራ ነገር መስሎት ነበር፤ ከአፉ ሲወጣ ግን ራሱ ሰማው። «ስጠጣ ቀኙ አይታየኝም። እሷ ናት የምታይልኝ። ግራውን ደግሞ… ግራውን ልጅቷ ታየዋለች።»

«በየሳምንቱ?» አለ ሽማግሌው። ድምፁ ደከመ። በየሳምንቱ ብርጭቆውን ሲሞላ ውሎ፣ ከዚያው በር ላይ ቆሞ፣ እጁን እያውለበለበ የሸኛቸው እሱ ነው። «እነዚህን ልጆች ይዘህ?»

አናጢው ሞተሩን አላጠፋም፣ አልነዳምም። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት ተበላሽቶ እንደተቀመጠ ቀረ። መምህርቷን አሳዘናት፤ ከተጋቡ ወዲህ የዚያን ቀን ያህል አሳዝኗት አያውቅም፣ የዚያን ቀን ያህልም ወዳው አታውቅም። ልትሄድለት ፈልጋ ነበር፤ ከበሩ ከተላቀቀች ግን ሁሉም ነገር ወደነበረበት የሚመለስ መስሏት ፈራች።

የሄደችው ትልቋ ናት። በመስኮቱ በኩል እጇን አስገብታ ቁልፉን አዞረችው፤ ግቢው ጸጥ አለ። በሩን ከፈተችለትና እጇን ዘረጋችለት።

«አባዬ» አለችው፣ «ና ውረድ።»

አናጢው የልጁን እጅ ይዞ ወረደ።